ለሱቅ ማስታወቂያ ሚኒ ፕሮጀክተር፦ ጅማ ላይ የትኛው ይሻላል፣ የትስ ይሰቀላል?

ጫማ ቤት ፈረንጅ አራዳ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንጅ አራዳ ላለ የጫማ መሸጫ ሱቅ የዕቃ ፎቶና ዋጋ እያቀያየረ የሚያሳይ ሚኒ ፕሮጀክተር መግጠም አስቤ ምክር ፈልጌ ነው።

ሱቁ 4 ሜትር በ6 ሜትር ነው፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። የፊት መስታወቱ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ሲሆን የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጫማ መደርደሪያ አለ። በረንዳ ስላለው ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ከምሽቱ 2፡30 ላይ የብረት ሸተሩ ይወርዳል።

ሁለት ቦታ ነው ያየሁት። አንደኛው መስታወቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ምስል ከውስጥ ወደ መንገዱ፣ ሁለተኛው የሱቁ የኋላ ግድግዳ። ለገበያ የቀረቡልኝም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሳጥኑ ላይ 9,000 ሉመን (የሚወጣው የብርሃን መጠን) እና ፉል ኤችዲ የተጻፈበት ርካሽ ኤልሲዲ (ብርሃን በፈሳሽ ክሪስታል ፓኔል የሚያሳልፍ) ነው። ሌላው መዳፍ የሚያህል ዲኤልፒ (ምስሉን በቺፕ ላይ ባሉ ጥቃቅን መስታወቶች የሚሠራ) ነው፤ 200 አንሲ ሉመን (ደረጃ በወጣለት አለካክ የተለካ ሉመን) ይላል፣ ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ገደማ ነው።

የትኛው ይሻላል? መብራት በየጊዜው ስለሚሄድና ስለሚመጣስ ምን ማድረግ አለብኝ? ጽሑፉ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲሆን እፈልጋለሁ።

---

ሉክስ መለሰ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 9,000 እርሳው። ያ ቁጥር በየትኛውም መስፈርት የተለካ አይደለም። እንዲህ ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ኤልሲዲዎች በአንሲ መለኪያ ሲለኩ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 300 ሉመን ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ የቀረቡልህ ሁለቱ ዕቃዎች በብርሃን ተቀራራቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሳትለካ አትግዛ።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ሻጩ ጋ አንድ ሙሉ ነጭ ፎቶ በፍላሽ ይዘህ ሂድና አስከፍተው። የምስሉን ወርድ በሜትር ለክተህ 1 ሜትር ላይ አቁመው፤ ቁመቱ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 0.56 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስልክህ ላይ የሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ብርሃን) መለኪያ መተግበሪያ ጫን። ምስሉን 3 በ3 ከፋፍለህ በዘጠኙም ክፍል መሃል ላይ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ያዝና፣ ከፊት ካሜራው አጠገብ ያለው ሴንሰር ወደ ፕሮጀክተሩ እንዲያይ አድርገህ አንብብ። የዘጠኙን አማካይ በ0.56 አባዛው። አማካዩ 320 ከመጣ ዕቃው 180 ሉመን ገደማ አለው ማለት ነው። የክፍሉን መብራት አስጠፋ፤ ካልተቻለ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ የሚነበበውን ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ ቀንስ። የስልክ ሴንሰር እንደ ትክክለኛ መለኪያ አይታመንም፤ ሁለቱን ዕቃዎች ግን በአንድ ስልክ በአንድ ክፍል ከለካሃቸው የሚበልጠው በግልጽ ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፕሮጀክተር ያለው ብርሃን የተወሰነ ነው፤ ምስሉን ባሰፋኸው ቁጥር ያንኑ ብርሃን እያሳሳኸው ትሄዳለህ። ሉመኑን ለምስሉ ስፋት አካፍለው፣ የሚገኘው ሉክስ ነው። 200 ሉመን ይዘን የመስታወትህን ወርድ በሙሉ እንሸፍን ብንል 1.5 ሜትር በ84 ሳንቲ ሜትር 1.26 ካሬ ሜትር ስለሚሆን የሚደርሰን 160 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው። ወርዱን 90 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው (ወደ 40 ኢንች የሚጠጋ ማለት ነው) ስፋቱ 0.455 ስለሚሆን 440 ሉክስ እናገኛለን። 70 ሳንቲ ሜትር ላይ 725 ይደርሳል።

ይህ ብርሃን በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው እዚያው ቦታ ላይ ያለው ሌላ ብርሃን ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይሠራም። ምስሉ ላይ ጥቁር የሚባለው ቦታ የሚመስለው ግድግዳው በክፍሉ ብርሃን የሚመስለውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሉክስ ደምረህ ለክፍሉ ሉክስ አካፍል። ውጤቱ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋና ጽሑፍ ያለ ችግር ይነበባል። ከ3 በታች ከሆነ ፎቶው ይገረጣል፣ ከ2 በታች ከሆነ ገንዘብህን አታባክን። የ440 ሉክስ ምስል 100 ሉክስ ባለበት ቦታ 5.4 ይሰጥሃል፣ 500 ባለበት 1.9፣ በቀን በረንዳ ሥር 2,000 ሉክስ ባለበት ደግሞ 1.2። በቀጥታ ፀሐይ ላይ የሚለካው 100,000 ሉክስ ገደማ ስለሆነ ስለ ጠዋቱ ማውራትም አያስፈልግም።

ስለዚህ የፊት መስታወቱ የምሽት ሥራ ነው፤ ከ12፡30 አካባቢ እስከ ሸተሩ መውረጃ፣ ሁለት ሰዓት። ቀኑን ሙሉ ወደ መንገድ የሚያሳይ ነገር ከፈለግክ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ግዛ። 90 ሳንቲ ሜትር ላይ የተዘረጋ 440 ሉክስ በነጭ ግድግዳ ላይ 140 ኒት (ገጹ ለዐይን የሚደምቅበት መለኪያ) ገደማ ሲሆን ተራ ቴሌቪዥን ከ250 እስከ 300 ኒት ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ፕሮጀክተር የሚበልጠው ስክሪን ሊቀመጥ በማይችልበት ቦታ፣ አራት ማዕዘን ባልሆነ ቅርጽና በጨለማ ነው።

የአንተ ጥሩ ቦታ የኋላ ግድግዳው ይመስለኛል። ከበሩ 6 ሜትር ስለሚርቅ የቀን ብርሃን ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ አምፖል ጠፍቶ፣ አንድ ጊዜ በርቶ ለካና እዚህ ጻፍልን።

ርቀቱን ደግሞ ከመግዛትህ በፊት አስላ። አብዛኞቹ ሚኒዎች ለ1 ሜትር ወርድ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። ይህን ቁጥር ሻጩን ጠይቅ፣ ወይም እዚያው ሱቅ ውስጥ በሜትር ለካው። ለ90 ሳንቲ ሜትር ወርድ በ1.2 ስታባዛው 108 ሳንቲ ሜትር ትፈልጋለህ፤ ያንተ መደርደሪያ 60 ብቻ ስለሆነ መደርደሪያው ውስጥ ተቀምጦ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች አያስቡትምና። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የከፍተኛ ቦታ ሞድ አብሩ ይላሉ። አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ 15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፈጥኖ መዞር አለበት። ዕቃህ ይህ ሞድ ካለው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አብራው፤ ድምፁ ትንሽ ይጨምራል። ከሌለው በሁሉም ጎኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተውለት። ከኮርኒስ በላይ አታስገባው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍተት ቀን ላይ በጣም ይሞቃል።

---

ስቲከርና መስታወት መለሰ፦

ከላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው። እኔ መስታወቱ ላይ ላተኩር፤ የሁለት ሰዓቱ ምሽት ለጫማ ሱቅ ትንሽ አይደለምና፣ መንገዱ በሰው የሚሞላው ያኔ ነው።

ባዶ መስታወት ምስል አይዝም፤ ብርሃኑ አልፎት መንገድ ላይ ይወድቃል። ምስሉ የሚያርፍበት ከጀርባ ለሚበራ ብርሃን የተሠራ ፊልም ያስፈልጋል። ግራጫውና ነጩ ይለያያሉ። ግራጫው የመንገዱን ብርሃን ስለሚውጥ ጥቁሩ ይጠቁራል፤ ከፕሮጀክተሩም ብርሃን ግን የተወሰነ ይወስዳል። በ200 ሉመን ነጩን ምረጥ። ግልጽ የሚባለውን ፊልም በዚህ ጉልበት አትሞክረው፣ ምስሉ የሙት ጥላ ይሆናል።

ፊልሙ ካልተገኘ ለቢሮ መስታወት የሚለጠፈው ፍሮስትድ ስቲከር ይሠራል። የጽሑፉ ጠርዝ ትንሽ ይለሰልሳል፣ መሃሉም ከዳሩ ይበልጥ ይደምቃል፤ ሆኖም ለፎቶና ለትልቅ ዋጋ በቂ ነው። ከምንም በፊት ግን አንድ ትልቅ ትሬሲንግ ወረቀት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈህ አንድ ምሽት አይተህ ወስን። ለዘለቄታው ወረቀቱ አይሆንም፣ በክረምቱ እርጥበት ይጨማደዳል።

አሰቃቀሉ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ፕሮጀክተሩ ከመንገደኛው ዐይን ፊት ለፊት ከሆነ ሰውዬው ምስሉን ሳይሆን የሌንሱን አንጸባራቂ ነጥብ በፊልሙ አሳልፎ ያያል፤ ዐይኑንም ይወጋዋል። መፍትሔው ከፍ ማድረግ ነው። ለአንተ ሱቅ እንዲህ ይሆናል፦ ምስሉን መስታወቱ ላይ ከመሬት 1.40 እስከ 1.90 ሜትር ድረስ አድርገው። ሌንሱን ከመስታወቱ 108 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ከመሬት 2.20 ሜትር ላይ ስቀለው። ከመስታወቱ 2 ሜትር ርቆ የቆመ፣ ዐይኑ 1.60 ሜትር ላይ ያለ ሰው ወደ ሌንሱ ሲያይ መስመሩ መስታወቱን የሚያቋርጠው 2 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ ከምስሉ በላይ ስለሆነ ነጥቡ አይታይም። ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመ ደንበኛም ጨረሩን አይከልልም፤ በ60 ሳንቲ ሜትሩ ላይ የጨረሩ የታች ጠርዝ 1.84 ሜትር ላይ ነው የሚያልፈው። የመደርደሪያው የላይኛ ጫማ ግን ከ1.35 ሜትር እንዳይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ጥላው ምስሉ ላይ ይወድቃል።

ፕሮጀክተሩ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ምስሉ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ ቅርጽ ይይዛል፤ በኪስቶን (ቅርጹን በሚያርመው ሴቲንግ) ይስተካከላል። ኪስቶን ግን ነፃ አይደለም፣ ፒክስልም ብርሃንም ይበላል። መሣሪያው ሲሠራ ምስሉን ወደ ላይ የሚያነሣ ከሆነ (ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው የምስሉ ታች ከሌንሱ እኩል የሚሆን ዓይነት) ገልብጠህ ኮርኒስ ላይ ስትሰቅለው የሚቀርህ እርማት 15 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህን ያህሉ አይጎዳም። ምስሉ ሌንሱ መሃል ላይ የሚወጣ ከሆነ እርማቱ ወደ 27 ዲግሪ ያድጋል፤ ያኔ ጽሑፉ ከላይ ወፍሮ ከታች ይሰባበራል።

ከጀርባ ስታበራ ምስሉ ለመንገደኛው ግራ ቀኙ ይገለበጣል። ሴቲንጉ ውስጥ አራት አማራጭ መኖሩን ሳታይ አትግዛ፦ ከፊት ጠረጴዛ፣ ከፊት ኮርኒስ፣ ከጀርባ ጠረጴዛ፣ ከጀርባ ኮርኒስ። አንተ የምትፈልገው አራተኛውን ነው። ከሌለ ቪዲዮውን ራሱን አገላብጠህ ማውጣት ትችላለህ።

ማያያዣው ከታች ያለችው ሩብ ኢንች የካሜራ ብሎን ናት። ቺፑድ ኮርኒስ ላይ ብቻ አትሰር፣ በንዝረት እየላላ ይወርዳል። ሞራሌውን ፈልገህ እሱ ላይ እሰር፣ ወይም በትራፓኖ ግድግዳው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር አስገብተህ ቅንፍ አውጣ። ብሎኗ የፕላስቲክ አካል ውስጥ ስለሆነች ከመጠን በላይ አታጥብቃት፤ ሁለተኛ የደኅንነት ሽቦ ጨምርበት።

ፊልሙን ስትለጥፍ በምላጭ ጠርገህ የታጠበ መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረህ መስታወቱንም የፊልሙን ሙጫ ያለበት ገጽም ርጭ፣ ከመሃል ወደ ዳር በጎማ ግፋ። ሳሙናው ከበዛ ሙጫው አይዝም። ዳሩን ከክፈፉ 2 ሚሊ ሜትር አሳጥረህ ቁረጠው፤ ከክፈፉ ጎማ ጋር ከተነካካ ከዚያ በኩል መላጥ ይጀምራል። ቢያንስ አንድ ቀን ሳትነካው ይድረቅ፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ወደ መንገድ የሚታይ ስለሆነ ከመሥራትህ በፊት ማዘጋጃ ቤት ስለ ውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ ጠይቅ።

---

ጫማ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለካሁት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የኋላ ግድግዳው አምፖል ጠፍቶ 90 ሉክስ፣ አምፖሎቹ በርተው 240 ነው። ግድግዳው የዘይት ቀለም ነው፣ ክሬም። ዲኤልፒው ውስጡ ባትሪ አለው፤ ለመብራት መጥፋት እሱ አይበቃም?

---

ሉክስ፦

አምፖል ጠፍቶ 5.9፣ በርቶ 2.8 ነው። እንግዲህ አምፖሎቹን ሁሉ ማጥፋት አይጠበቅብህም፤ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የሚያበራውን አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ለይተህ ወደ ጫማዎቹ አዙር፤ ወይም በላዩ ላይ ጥላ አድርግበት። ንባቡ 110 ገደማ ላይ ከወረደ 5 ታገኛለህ።

የዘይት ቀለሙ ላይ አታብራ። የአምፖሉን ነጸብራቅ ይመልሳል፣ ከጎን ለሚያየውም ምስሉ ይጠፋል። 1 ሜትር በ60 የሚሆን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው፤ ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ክፈፍ አድርግለት። ክፈፉ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ዐይን ከጥቁሩ ጋር እያነጻጸረ ምስሉን አድምቆ ያየዋል።

---

ቴስተር መለሰ፦

ስለ ባትሪው፦ ለዕለት ተዕለት ሥራ ውስጡ ባትሪ የሌለውን ብትመርጥ ይሻላል። ሚኒ ፕሮጀክተር ውስጥ ያለው ሊቲየም ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ነው የሚይዘው፤ ብዙዎቹ በባትሪ ሲሆኑ ብርሃኑን ይቀንሱታል። ከዚህ የከፋው ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ በመሣሪያው በራሱ ሙቀት እየበሰለ መዋሉ ነው። እንዲህ የሚውል ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ሊያብጥም ይችላል። ያበጠ ባትሪ መክደኛውን ሲገፋ ካየህ ወዲያው ፕሮጀክተሩን ከሶኬቱ ነቅለህ መጠቀሙን አቁም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መብራት ሲመለስ ዕቃው በራሱ ይነሣል ወይ የሚለው ነው። ይህን ሻጩ ፊት ሞክረው፦ እየሠራ ሳለ ከሶኬቱ ንቀለው፣ አንድ ደቂቃ ቆይ፣ ስካው። ማንም ሳይነካው ተነሥቶ፣ ፍላሹን አንብቦ፣ ቪዲዮውን ከጀመረ ጨርሰሃል። ሴቲንጉ ውስጥ ዳይሬክት ፓወር ኦን የሚል ካለ አብራው። በሪሞት ካልተነሣ የማይነሣ ከሆነ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ፕሮጀክተርህ መብራት በሄደ ቁጥር ጠፍቶ ይቀራል፤ ሠራተኞችም ሁለት ሦስት ቀን አስነሥተውት ይተውታል። እኔ ብሆን በብርሃን 20 በመቶ የሚያንስ ግን በራሱ የሚነሣውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። አዳፕተሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ አይጎዳቸውም፤ የሚጎዳቸው በመመለሻው ቅጽበት የሚዘለው ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኘው መከላከያ ለዚህ ይበቃል። ትልቅ ስታቢላይዘር መግዛት አያስፈልግም።

መብራት በሌለበት ሰዓትም እንዲሠራ ከፈለግክ ፍጆታውን ደምር። አንድ ባለ 200 ሉመን ዲኤልፒ 40 ዋት ገደማ፣ የሚያጫውተው ሳጥን ካለ 5 ዋት፣ በድምሩ 45። በተለምዶ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። እርሳስ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ሲጠባ ሙሉውን አይሰጥም፤ ወደ 220 ቮልት ሲቀየርም ይባክናል። ከ40 እስከ 45 ዋት ሰዓት ነው በእጅህ የሚገባው፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል።

የሚሻለው ወደ 220 ሳይወጡ በቀጥታ መሄድ ነው። 12.8 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ፎስፌት ባትሪ 256 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዘጠና በመቶውን ብትጠቀም፣ ከመቀየሪያውም ላይ አሥር በመቶ ቢባክን 207 ይቀርሃል፤ ለ45 ዋት አራት ሰዓት ተኩል ነው። ለምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ 12 አምፔር ሰዓቱ ይበቃል። የፕሮጀክተሩ አዳፕተር 19 ቮልት የሚል ከሆነ 100 ዋት የሚችል ከ12 ወደ 19 ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ግዛ። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ መቀየሪያውን ከባትሪው ጋር ብቻ አገናኝ፣ መውጫውን በመልቲሜትር እያየህ ትንሿን ብሎን አዙረህ 19.0 ላይ አቁም፣ የአዳፕተሩ ጫፍ መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን ከጀርባው ምልክት አረጋግጥ፣ ከዚያ ብቻ ፕሮጀክተሩን ስካ። መቀየሪያዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በየትኛው ቮልት ላይ እንደቆሙ አይታወቅም፤ ሳይለኩ የሰኩት ፕሮጀክተር በአንድ ሰከንድ ነው የሚቃጠለው። በባትሪው በኩል 4 አምፔር ገደማ ስለሚያልፍ 7.5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርግ፣ ሽቦውም 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ባትሪ መሙያው ደግሞ የሊቲየም ፎስፌት መሆን አለበት፤ የመኪና ባትሪ መሙያ አትጠቀም።

---

ፊደልና ዲዛይን መለሰች፦

ጽሑፉን በተመለከተ። ፉል ኤችዲ ይደግፋል ማለት ፉል ኤችዲ ያሳያል ማለት አይደለም። ፋይሉን ይቀበላል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ፒክስል ያጠበዋል። ትንንሾቹ በተፈጥሯቸው 854 በ480 ወይም 1280 በ720 ናቸው። መጠየቅ ያለብህ ይህን ነው።

በ90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ 854 ፒክስል ማለት አንዱ ፒክስል ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለቁቤ ይህ ችግር የለበትም። ፊደላችን ግን ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ ሀ እና ሁ፣ ለ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ያች ጭረት አንድ ፒክስል ላይ ከወደቀች ትጠፋለች። ስለዚህ የፊደሉን ቁመት ቢያንስ የተመልካቹን ርቀት አንድ መቶኛ አድርግ ይባላል፤ ለ4 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር። እኔ ወደ 6 ከፍ አድርገው እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ 8 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው ከ8 እስከ 10 ያስፈልጋል። የምስልህ ቁመት 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ የጫማው ፎቶ፣ ስሙና ዋጋው። ከዚያ በላይ ካስገባህ ማንም አያነበውም።

ኒያላ ፎንት ለመጽሐፍ ያምራል፤ ቀጫጭን መስመሮቹ ግን በፕሮጀክተር ይሰበራሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በቦልድ ተጠቀም። ሌላው የተለመደ ችግር የፎንት ነው፦ የአንድሮይድ ሳጥን ላይ በቀጥታ ጽሑፍ ከከፈትክና የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነማ ፎንቱ በሌለበት ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አይሂድ። ፓወርፖይንት ላይ ሠርተህ ኤክስፖርት ውስጥ ገብተህ ወደ ቪዲዮ ቀይረው፤ ፊደሉ ሥዕል ሆኖ ይሄዳል።

ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ምስል አታጨናንቅ። በቁቤ ቃላት ስለሚረዝሙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ይጠባል። አንድ ጫማ በአማርኛ ለ7 ሰከንድ፣ ያው ጫማ በአፋን ኦሮሞ ለ7 ሰከንድ፤ ዋጋው በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ ይቁም።

ጀርባውን ጥቁር፣ ጽሑፉን ነጭ ወይም ቢጫ አድርገው። ጥቁር ማለት ብርሃን የለም ማለት ስለሆነ መስታወቱ ላይ የአራት ማዕዘኑ ጠርዝ ይጠፋና ጫማው ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስላል። የጫማውን ፎቶ ዙሪያ ቆርጠህ ጥቁር ላይ ካስቀመጥከው ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ፋይሉ ኤምፒ4 በኤች 264፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ 8 ሜጋ ቢት ይሁን፤ 5 ደቂቃው 300 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አድርገው፣ ርካሾቹ ኤክስፋትን አያነቡም። ፋት 32 ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ይህ ግን ለአንተ አያሰጋም። ማጫወቻው ላይ ሪፒት ኦል አብራ።

---

ጥገና መርካቶ መለሰ፦

ርካሹን ኤልሲዲ ላለመግዛት ያለው ዋና ምክንያት ብርሃኑ አይደለም፣ አቧራው ነው። የእነዚህ ዕቃዎች የብርሃን መንገድ ክፍት ነው፤ ማራገቢያው አየሩን በቀጥታ በፓኔሉ ላይ ያሳልፋል። በበጋ የባጃጁ አቧራ፣ በዚያ ላይ ሱቅ ውስጥ ቡና የሚቆላና ዕጣን የሚጨስ ከሆነ ቅባት ያለው ጭስ አብሮ ይገባና ይጋገራል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጠርዛቸው የደበዘዘ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ከታዩ ፓኔሉ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፤ ተፈትቶ ይጸዳል። መሃሉ ቢጫ ከሆነ ፖላራይዘሩ (ብርሃኑን የሚያጣራው ስስ ፊልም) በሙቀት ተቃጥሏል፤ ጽዳት አያድነውም። ዲኤልፒ ላይ ጥርት ያሉ ነጭ ነጥቦች ከታዩ የቺፑ መስታወቶች መቆለፍ ጀምረዋል ማለት ነው፤ እነሱም እየበዙ ነው የሚሄዱት።

ኤልኢዲው ራሱ 20,000 ሰዓት ይባላል። በቀን 10 ሰዓት ሲሠራ በዓመት 3,650 ስለሆነ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ርካሹ ኤልሲዲ ግን ፓኔሉና ማራገቢያው ቀድመው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ለአንተ ዲኤልፒው ይሻላል። ሆኖም ፕሮጀክተሩ ምሽት ላይ ብቻ፣ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ከሆነና ጭስ ከሌለ ኤልሲዲውም በቂ ነው፤ በጅምላ መኮነን አይገባም።

በየሳምንቱ የአየር መግቢያውን በእጅ መንፊያ ንፋ። ሌንሱን መጀመሪያ ንፋው፣ ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረገው፤ አቧራው ላይ ጨርቅ ካስኬድክ ይቧጨራል። የቡና መቁያው ከፕሮጀክተሩ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በክረምት ሱቁ ለቀናት የሚዘጋ ከሆነ አውርደህ ከሲሊካ ጄል ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፤ እርጥበት ባለበት የቆመ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል።

---

ጫማ ቤት ፈረንጅ አራዳ፦

ገባኝ፣ ዲኤልፒውን ለኋላ ግድግዳው እወስዳለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማጫወቻ ሳጥኑን ከካሸሩ ጠረጴዛ ሥር አድርጌ ረጅም ኤችዲኤምአይ ገመድ ልዘርጋ ወይስ ፍላሹ ይበቃል?

---

ቴስተር፦

ፍላሹ ይበቃል። ዋጋ በየቀኑ የማይቀየር ከሆነ ሳጥን መጨመር አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ መጨመር ነው። ፍላሹ ኮርኒስ ላይ ስለሚሆን ለመቀየር መሰላል እንዳይጠይቅህ አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ በግድግዳው አውርድ። ከዚያ በላይ አታርዝመው፤ ቮልቴጁ ይወድቅና ፍላሹ በመሃል ይቋረጣል። ሁለት ፍላሽ ያዝ፤ አንዱ ተሰክቶ ሲሠራ ሌላኛው ላይ አዲሱን ቪዲዮ ጭነህ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ቀይራቸው። ሳጥን ካስፈለገ ግን ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ስቀለው፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱም ከ2 ሜትር አይብለጥ።